«ሠራን» ከሚለው ወደ «ሠራሁ»

ከሠራዊቱ ከተሰናበትኩ በኋላ የጻፍኩት የመጀመሪያው የሥራ ልምድ መግለጫ ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም ነበር። ስሜን፣ የትውልድ ዘመኔን፣ ያገለገልኩባቸውን ዓመታትና የደረስኩበትን ማዕረግ ከጻፍኩ በኋላ «ያከናወኗቸው ሥራዎች» ከሚለው ርዕስ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። ከስንቅ እስከ መለዋወጫ ዕቃ ስረከብና ሳስረክብ በንብረት ክፍል ዓመታት ያሳለፍኩ ሰው፣ ብዙ አስቤ የጻፍኩት አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ሆነ፤ «የተሰጠኝን ግዳጅ በብቃት ተወጥቻለሁ» የሚል። ዐረፍተ ነገሩ እውነት ነበር፤ ለሚያነበው ቀጣሪ ግን ምንም አይነግረውም። ዘብ የቆመውም፣ ታንክ የነዳውም፣ ቁስለኛ ያከመውም ያንኑ ሊጽፍ ይችላል።

አሁን በምሠራበት ድርጅት ውስጥ አልፎ አልፎ በቅጥር ኮሚቴ እንድቀመጥ ይደረጋል፤ ያንን የኔን ዐረፍተ ነገርም በሌሎች የቀድሞ ወታደሮች ማመልከቻ ውስጥ ደጋግሜ አገኘዋለሁ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ ያደርግና «ይሄኛው ልምድ የለውም» ብሎ ወደ ጎን ያስቀምጠዋል። አመልካቹ ያጣው ልምድ ሳይሆን ያለውን ልምድ የሚናገርበት ቋንቋ ነው፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ብዙ ዘመን ሠርተው ድንገት ሥራ ፈላጊ የሆኑ ሰዎችም ተመሳሳይ ችግር ሲገጥማቸው ስለማይ፣ ወታደር ሆነው የማያውቁ አንባቢዎችም የሚጠቅማቸው ነገር ያገኙበት ይሆናል።

የቋንቋው ችግር የሚጀምረው ከግሱ ጫፍ ነው። በአማርኛ ድርጊቱን የፈጸመው ማን እንደሆነ የሚነግረን የግሱ መጨረሻ ነው፤ «ሠራሁ» እና «ሠራን» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። ወታደር ከሥልጠናው የመጀመሪያ ሳምንት ጀምሮ አፉ የሚለምደው ሁለተኛውን ነው። ተነሣን፣ ደረስን፣ አስረከብን፣ ተመለስን። አንዱ ሲያጠፋ ጓዱ፣ ማለትም አብሮት የተመደበው ቡድን፣ በሙሉ ይቀጣል፤ አንዱ ሲጎብዝ ምስጋናው የጓዱ ይሆናል። ይህ በችግር ሰዓት ሰውን ከነሕይወቱ የሚመልስ ልማድ ስለሆነ ላቃልለው አልፈልግም። ይሁንና ቀጣሪው ጓዱን ሳይሆን አንድን ሰው ስለሚቀጥር፣ ያ ሰው በ«ሠራን» ውስጥ የነበረው ድርሻ ካልተነገረው ራሱ ገምቶ እንዲያሟላለት መጠበቅ አይቻልም።

ይህን ያስተዋልኩት አብሮኝ ያገለገለ አንድ ሃምሳ አለቃ ሲቪ እንዳዘጋጅለት በጠየቀኝ ቀን ነበር። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ምን ትሠራ ነበር?» አልኩት፤ ባውቀውም ከራሱ አንደበት መስማት ፈልጌ።

«ታውቅ የለም እንዴ? ሾፌር ነበርኩ። በቃ፣ ሾፌር ብለህ ጻፈው።»

«ብቻህን ነበር የምትጓዘው?»

«ኧረ በኮንቮይ ነው የምንንቀሳቀሰው። ከፊት ሆኜ የምመራው እኔ ነበርኩ።»

«ስንት መኪና?»

«አሥራ ሁለት። አሥራ አምስት የሆንበትም ጊዜ አለ።»

«ከመነሣታችሁ በፊት መኪኖቹን የሚያያቸው ማን ነው?»

ጥቂት ዝም አለ። እንደዚህ ያለ ጥያቄ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው አልነበረም መሰለኝ። «እኔ ነኛ! ዘይቱን፣ ውኃውን፣ ጎማውን፣ ፍሬኑን፣ የጭነቱን አስተሳሰር አንድ በአንድ አያለሁ። እኔ ያላሳለፍኳት መኪና ንቅንቅ አትልም።»

«በስድስቱ ዓመት ውስጥ ስንት መኪና ተገለበጠብህ?»

«አንድም!» አለ ቆጣ ብሎ፣ እንደ ተሰደበ ሰው።

ከዚህ ጭውውት የወጣው ጽሑፍ የሚከተለው ነበር፤ «ከ12 እስከ 15 ከባድ ተሽከርካሪዎች ያሉትን የጭነት ኮንቮይ ለ6 ዓመታት መራሁ። ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት የተሽከርካሪዎቹን ቴክኒካዊ ሁኔታና የጭነቱን አስተሳሰር መርምሬ ለመንገድ ብቁ መሆናቸውን አረጋገጥኩ። በእነዚህ ዓመታት በመራሁት ኮንቮይ ውስጥ አንድም የመገልበጥ አደጋ አልደረሰም።» ሳነብለት አንገቱን ደፍቶ አዳመጠኝና «ይሄ ጉራ አይሆንም?» አለኝ። ከተጻፈው ውስጥ ውሸቱ የቱ እንደሆነ ጠየቅኩት። ወረቀቱን ተቀብሎኝ እንደገና አነበበውና ጣቱን ከቁጥሩ ላይ አሳረፈ፤ «አሥራ አምስት የሆንነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱን አውጣው።» እኔ ቀጣሪ ብሆን ኖሮ ለዚያች እርማት ብቻ እቀጥረው ነበር።

ከግሱ ቀጥሎ የሚመጣው የስሞቹ ጉዳይ ነው። «የሻምበል አዛዥ ነበርኩ» የሚለው ሐረግ ለኛ ብዙ ነገር ይናገራል፤ ሻምበል የማዕረግም የክፍልም ስም መሆኑን ለማያውቅ ሰው ግን ጭጋግ ነው። እንደየሠራዊቱ አደረጃጀት ቢለያይም አንድ ሻምበል ከመቶ በላይ ሰው ሊኖረው ስለሚችል፣ መጻፍ ያለበት የሰዎቹ ቁጥር ነው፤ ምን ያህል ሰው እንደተመራ፣ ምን ያህል ዋጋ ያለው ንብረት በማን ፊርማ ሥር እንደነበረ፣ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ ምን እንደተከናወነ። ተረኛ መኮንን ሆኖ ሌሊቱን ያሳለፈ ሰው የፈረቃ ኃላፊነትን ያውቃል። ዓመታዊ ቆጠራ ያካሄደ ሰው ንብረት ቁጥጥርን ያውቃል። አዳዲስ ምልምሎችን ያሠለጠነ ሰው አሠልጣኝ ነው፤ «ምልምል» የሚለውን ቃል ትቶ «አዲስ ሠራተኛ» ቢል የሚዋሸው ነገር የለም። በምስጢር የተያዘ ነገር ምስጢርነቱ ከስንብት በኋላም ይቀጥላልና የክፍሎችን ስም፣ ቦታዎችንና የመሣሪያ ዝርዝሮችን መተው ይገባል፤ ቀጣሪውም ቢሆን አያስፈልጉትም። ጽሑፉ ማለቁን የምፈትሽበት ዘዴ ቀላል ነው። የደንብ ልብስ ለብሶ ለማያውቅ ሰው አሳየውና «ምን ስሠራ እንደነበር በራስህ አባባል ንገረኝ» እለዋለሁ። ከተደናገረ የሚስተካከለው ጽሑፉ ነው።

ወደ ቃለ መጠይቁ ስንመጣ፣ እኔ ራሴ የወደቅኩበትን ልናገር። ለአንድ ድርጅት የመጋዘን ኃላፊነት ቦታ አመልክቼ ሦስት ሰዎች ፊት ቀረብኩ። መካከል ላይ የተቀመጡት ሴት «የዕቃ ጉድለት ያጋጠመዎትን አንድ አጋጣሚና ያደረጉትን ይንገሩን» አሉኝ። «ሪፖርት አደረግን፣ አጣራን፣ ችግሩን ፈታን» አልኩ። «እርስዎስ ምን አደረጉ?» አሉኝ። «እንዳልኩት፣ አጣራን» አልኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቁኝ፤ ለሦስተኛ ጊዜ በብዙ ቁጥር መለስኩ። ማስታወሻቸውን ዘጉት። ከሕንፃው ወጥቼ መንገድ ከተሻገርኩ በኋላ ነበር መልሱ ወለል ብሎ የታየኝ፤ ያን ሌሊት ቢን ካርዶቹን፣ የየዕቃውን ገቢና ወጪ የሚያሳዩትን ካርዶች፣ ከመደርደሪያው ጋር እያመሳከርኩ ያነጋሁት እኔ ነበርኩ፤ በሳጥን የገባው የማጣሪያ ዕቃ ሲወጣ በፍሬ መመዝገቡን ያገኘሁትም እኔ ነበርኩ። ጎደለ የተባለው ዕቃ በሙሉ መጋዘኑ ውስጥ ነበር። ይህንን ለመናገር አንድ ደቂቃ ተኩል ይበቃ ነበር።

እንዲህ ያለው ጥያቄ ወታደሩን ለማጥመድ የተፈለሰፈ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ሥሩ ከራሱ ከሠራዊት ቤት መሆኑን ማወቁ ሳያጽናናው አይቀርም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጆን ፍላናጋን የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ለአሜሪካ ጦር አየር ኃይል የሚሠሩ ተመራማሪዎችን ይመራ ነበር። ከበረራ ሥልጠና የተሰናበቱ የ1,000 ዕጩ አብራሪዎች መዝገብ ሲመረመር፣ ለውድቀታቸው የተሰጡት ምክንያቶች «ተፈጥሯዊ የበረራ ችሎታ የለውም»፣ «ጠባዩ አይመጥንም» የሚሉ ድፍን አባባሎች ሆነው ተገኙ። ተመራማሪዎቹም አጠቃላይ አስተያየት መጠየቁን ትተው፣ በዓይን የታዩ ቁርጥ ያሉ አጋጣሚዎችን መሰብሰብ ጀመሩ፤ ምን ተፈጠረ፣ ሰውየው ምን አደረገ፣ ምን ተከተለ። ፍላናጋን ዘዴውን በ1954 (እዚህም ሆነ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጽሑፍ አቀረበው። ዛሬ በቃለ መጠይቅ ላይ «አንድ አጋጣሚ ንገረን» የሚለው ጥያቄ ከዚህ ዘዴ ብዙ ወርሷል። «ታታሪ፣ ታማኝና ዲሲፕሊን ያለኝ ነኝ» ብሎ የሚጽፍ ሥራ ፈላጊም ሳያውቀው የሚደግመው የእነዚያን መዛግብት ድፍን አባባል ነው።

ስለዚህ ከቃለ መጠይቅ በፊት አምስት ወይም ስድስት አጋጣሚዎችን በወረቀት ላይ አስፍሮ መለማመድ እጅግ ይጠቅማል። ሁኔታው ምን ነበር፣ ኃላፊነቱ የማን ነበር፣ እኔ ምን አደረግሁ፣ ውጤቱ ምን ሆነ። አንዱ አጋጣሚ ስህተት የሠራንበት ቢሆን መልካም ነው፤ መጠየቁ አይቀርምና። ከግዳጅ በኋላ ተሰብስቦ ምን ታቀደ፣ ምን ሆነ፣ ለምን ተለያየ እያለ የሚገመግም ክፍል ውስጥ የኖረ ሰው፣ ስለ ስህተቱ ሳይንተባተብ መናገርን ከብዙዎች በተሻለ ያውቅበታል።

የደሞዝ ጥያቄም አለ። ሠራዊት ውስጥ ደሞዝ ማዕረግን ተከትሎ ስለሚመጣ ተደራድሮ የሚያውቅ የለም፤ «ምን ያህል ይጠብቃሉ?» ስባል «መሥሪያ ቤቱ የወሰነውን» ብዬ መልሻለሁ፤ የወሰነውንም ተቀብያለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ለተመሳሳይ ሥራ የሚከፈለውን በመስኩ ካሉ ሰዎች ጠይቃችሁ እወቁ፤ ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም።

በመስኩ ካሉ ሰዎች ስል ግን አንድ የከበደ ጉዳይ መነሣቱ ነው። የወታደር ወዳጅነት ጥብቅ ነው፤ ሥራ በማፈላለግ በኩል ግን ጥብቅነቱ ራሱ እንቅፋት ይሆናል። ማርክ ግራኖቬተር የተባለው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን ጠቋሚያቸውን ምን ያህል ጊዜ ያገኙት እንደነበር ጠይቆ ነበር። አዘውትረው የሚያገኙት የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ 55.6 በመቶዎቹ አልፎ አልፎ፣ 27.8 በመቶዎቹ ደግሞ ከስንት አንዴ ብቻ ነበር የሚገናኙት። የቅርብ ጓደኛ የሚያውቀው እኛ የምናውቀውን ነው፤ ያልሰማነውን ወሬ የሚያመጣው ከሌላ ክበብ ያለ ሰው ነው። በ2022 ይፋ የሆነ ሌላ ጥናትም ሊንክድኢን የተባለውን የሥራ ትውውቅ ድረ ገጽ የሚጠቀሙ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ተከታትሎ፣ ይበልጥ የጠቀሙት መጠነኛ ትውውቅ ያላቸው ሰዎች መሆናቸውን አረጋግጧል። በቅርቡ የተሰናበተ ወታደር ደግሞ ስልኩ ውስጥ ያሉት ስሞች የወንድም ያህል የሚቀርቡትና እንደ እርሱ ሥራ የሚፈልጉ ጓዶቹ ናቸው። አንድ ላይ ተቀምጠው ተመሳሳይ ማስታወቂያ ያነባሉ።

እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። በአንድ ወቅት ሥልጠና ላይ የተገናኘን፣ ስማቸውን እንኳ በደንብ የማላስታውሳቸው አንድ የመጋዘን ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። አድራሻቸውን አፈላልጌ አጭር መልእክት ጻፍኩላቸው፤ «ከዓመታት በፊት በንብረት አያያዝ ሥልጠና ላይ ተገናኝተን ነበር። አሁን ከሠራዊቱ ተሰናብቼ ወደዚህ ሙያ ለመግባት እያሰብኩ ነው። ሥራ እንዲሰጡኝ አይደለም፤ የእርስዎ የሥራ ቀን ምን እንደሚመስል ለሃያ ደቂቃ ቢያጫውቱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።» ለመላክ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ልመና መስሎ ታይቶኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ደወሉልኝ። ስለ መጋዘን ሶፍትዌር አሠራር የነገሩኝ በሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ ላይ በቀጥታ መጣ። አብዛኛው ሰው ሥራ ሲለመን ይሸሻል፤ ስለሚያውቀው ነገር ሲጠየቅ ግን ደስ ይለዋል።

አሁን ስለ መጠበቁ ጊዜ። ብዙ ጊዜ ምክር ሰጪዎች የሚዘሉት ይህንን ነው፤ የሚከብደው ግን እርሱ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ በኦስትሪያ ማሪየንታል የምትባል መንደር የምትተዳደርበት ፋብሪካ ተዘግቶ ነዋሪዎቿ ከሞላ ጎደል ሥራ ፈት ሆኑ፤ ማሪ ያሆዳና ባልደረቦቿም ሕይወታቸውን በቅርብ አጠኑ። ውጤቱ በ1933 ታተመ። ሰዎቹ የማንበቢያ ጊዜ ቢተርፋቸውም ከቤተ መጻሕፍት የሚዋሱት መጽሐፍ ቀነሰ፤ ወንዶቹ በመንገድ ላይ ሲሄዱ እርምጃቸው ዘገምተኛ ሆነ፣ በየጥቂቱ ይቆማሉ፤ ከሰዓት በፊት ምን ሲሠሩ እንደዋሉ ሲጠየቁም የሚመልሱት ያጣሉ። ያሆዳ በኋለኛው ዘመን እንዳስረዳችው፣ ሥራ ከገንዘብ ሌላ አምስት ነገር ይሰጣል፤ የጊዜ ሥርዓት፣ ከቤተሰብ ውጭ ያለ ግንኙነት፣ ከግል በላይ የሆነ ዓላማ፣ ማንነት፣ የዘወትር እንቅስቃሴ። ይህንን ሳነብ የደነገጥኩት ሠራዊት አምስቱንም በአንድ ጊዜ፣ ከማንም በላይ አብዝቶ ስለሚሰጥ ነው፤ በአንድ የስንብት ደብዳቤም አምስቱንም በአንድ ቀን ይወስዳቸዋል። ከስንብት በኋላ ባሉት ወራት የሚሰማው መዝረክረክ የስንፍና ምልክት እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

መፍትሔው ቢያንስ በከፊል በእጃችን ነው። እኔ በየጠዋቱ በተወሰነ ሰዓት ተነሥቼ፣ ፂሜን ተላጭቼ፣ እስከ እኩለ ቀን ማመልከቻ እጽፍ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከቤት መውጣትን ግዴታ አደረግሁ። የላክሁትን ማመልከቻ ሁሉ፣ ቀኑን፣ ያነጋገርኩትን ሰውና መልሱን የምመዘግብበት ደብተር ነበረኝ፤ የንብረት ክፍል ሰው ከመዝገብ ሌላ ምን ያውቃል! ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ፣ ከሰው የሚያሸሽ ነገር ያለበት ግን በሰዓት ሥርዓት ብቻ አልፈዋለሁ ብሎ ከመታገል ወደ ሐኪም መሄድ አለበት፤ የተሰበረ እግር ይዞ ሰልፍ እንደማይወጣ ሁሉ።

ዕድሜው ገፍቶ ትምህርት ለመጀመር የሚያፍር ሰውም አጋጥሞኛል። በ1944 በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮችን የማስተማር ሕግ ሲወጣ፣ የሃርቫርዱ ፕሬዚዳንት ጄምስ ኮናንትን ጨምሮ የታወቁ የዩኒቨርሲቲ መሪዎች የትምህርት ደረጃው ይወርዳል ብለው ሰግተው ነበር። እስከ 1956 ድረስ 7.8 ሚሊዮን ያህል የቀድሞ ወታደሮች በሕጉ ተጠቅመው ተማሩ ወይም ሠለጠኑ፤ ከእነርሱም 2.2 ሚሊዮን ያህሉ ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ የገቡ ናቸው። በአንጻሩ ብዙ ጥቁር ወታደሮች በተግባር ዕድሉ ተነፍጓቸዋልና ታሪኩ ንጹሕ አይደለም። የሆነ ሆኖ ኮናንት ራሱ በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ተመላሾቹን ሃርቫርድ ካየቻቸው እጅግ የበሰሉ ተማሪዎች መካከል ቆጥሯቸዋል።

ሥራው ከተገኘ በኋላ ሌላ ቋንቋ ይጠብቃል። በመጀመሪያው ወር ኃላፊዬ፣ በዕድሜ ከኔ በብዙ የሚያንስ ወጣት፣ «ጊዜ ካገኘህ ያንን ሪፖርት ብታየው ጥሩ ነበር» አለኝ። ጊዜ ስላላገኘሁ አላየሁትም። ሐሙስ ዕለት ሪፖርቱን ሲጠይቀኝና ሳጣው ፊቱ ላይ ያየሁትን ቅሬታ አልረሳውም። በቢሮ ውስጥ «ብታየው ጥሩ ነበር» ማለት ትዕዛዝ መሆኑን ማንም አልነገረኝም ነበር፤ እኔ የማውቀው ትዕዛዝ ቁርጥ ያለ፣ ሰዓት የተቆረጠለትና ተደግሞ የሚረጋገጥ ነው። ከዚያ በኋላ «መቼ እንዲደርስልህ ትፈልጋለህ?» ብሎ መጠየቅን ልማድ አደረግሁ፤ ግራ መጋባቱም አብሮ ጠፋ። የዕድሜው ነገር ግን ወራት ወስዷል። ማዕረጌ በትከሻዬ ላይ ባይኖርም በልቤ ውስጥ ነበር፤ ወጣቱ በስሜ ብቻ ሲጠራኝ የሚቆረቁረኝም እርሱ ነበር። ያቀለለልኝ ወጣቱ ስለማላውቀው የሶፍትዌር ሥራ አጠገቤ ተቀምጦ ሳይሰለች ያስረዳኝ ከሰዓት ነው። አዲስ ምልምሎችን እንደዚያ በትዕግሥት አስተምሬ አውቃለሁ ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ ሁልጊዜ አልነበረም።

ያ ሃምሳ አለቃ ጓደኛዬ በሦስተኛው ቃለ መጠይቅ አልፎ አሁን በአንድ የጭነት ድርጅት ውስጥ የስምሪት ሥራ ይሠራል። በቃለ መጠይቁ ላይ «እኔ» ማለት እንዴት እንደከበደው፣ እጁ እንዴት እንዳላበው እየሳቀ አጫውቶኛል። ባለፈው ሳምንት ማታ ደውሎልኝ ስናወራ፣ «ዛሬ ሁለት መኪና አላስወጣንም፤ ጎማቸውን አላመንነውም» አለኝ። ስለ የትኛው «እኛ» እንደሚያወራ ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ።